የሌላ ሰው ዱካ በጂ.ፒ.ኤስ. እንዴት እንከተል?

ከጂኦግራፊ ክበብ ዕጩ መምህራን የቀረበ



እንደሚታወቀው እኛ ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ የምንመደበው በከተማው ትምህርት ቤቶች ብቻ አይደለም። ከሐረር ወጣ ብለው፣ መኪና በማይደርስባቸው ኮረብታዎችና ሸለቆዎች ወዳሉ ትምህርት ቤቶች የምንመደብም አለን። ተመርቀን ስንወጣ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንሄደው ከአስፋልት ርቆ ወዳለ ቦታ ነው። ታዲያ እንዲህ ወዳለ ቦታ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «መንገዱ በየት በኩል ነው?» ብሎ ነው። ዛሬ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ «ዱካውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ» የሚል ሆኗል።

መልሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የተላከ ዱካ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ በዱካው ሄዶ በሰዓቱና በሰላም መድረስ ሌላ ነገር ነው። እኛ ይህን ልዩነት የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በእግራችን ነው። ስለሆነም የደረሰብንን ሳንደብቅ፣ ከዚያም በኋላ ጠይቀንና ሞክረን ያወቅነውን በተራ በተራ እናቀርባለን።

1. ዱካ ምንድን ነው?

ዱካ ማለት አንድ ሰው ወይም እንስሳ ረግጦ ያለፈበት ምልክት ነው። የሐረር ከተማ ደግሞ ዱካን ከማንም በፊት የምታውቅ ከተማ ናት። የመኪና መንገድ ሳይኖር ቡናና ሌላውም ሸቀጥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። በጥር ወር 1855 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ገባ፤ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍም የመንገዱን ነገር ጻፈ። ይሁን እንጂ መንገዱን ያገኘው እርሱ አይደለም። አብረውት የተጓዙት መንገድ መሪዎችና ግመል ነጂዎች ውሃው የት እንዳለ፣ ማረፊያው የት እንደሆነ፣ የትኛው ጎሣ የት እንደሚሰማራ ቀድሞውንም ያውቁት ነበር። በርተን የሌላ ሰው ዱካ ተከተለ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሌላም የምንማረው አለ። የባቡር ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ ባቡሩ ዞረ፤ የጥንቱም የግመል መንገድ የቀድሞ ሥራውን አጣ። ስለዚህ ዱካ ያረጃል። ትናንት መንገድ የነበረ ሁሉ ዛሬም መንገድ ነው ማለት አይደለም። ይህን ነገር እንያዘው፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

2. መሣሪያው እንዴት ያውቃል?

ጂ.ፒ.ኤስ. የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የሳተላይት ሥርዓት ነው። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን ይዞራሉ፤ ሥርዓቱ በሚገባ እንዲሠራ ቢያንስ 24 ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት «እኔ እገሌ ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ቦታ ነው፤ ሰዓቱም ይህን ያህል ነው» የሚል የራዲዮ ሞገድ ያለማቋረጥ ይልካል። ሞገዱ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ እኛ ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ የ1 ሴኮንድ 1/15 ያህል ነው። መሣሪያችን የዘገየበትን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል።

ለምን አራት ሳተላይት ያስፈልጋል? ለኬክሮስ፣ ለኬንትሮስና ለከፍታ ሦስት ይበቃ ነበር። ነገር ግን በእጃችን ያለው መሣሪያ ሰዓቱ እንደ ሳተላይቱ ሰዓት ትክክለኛ አይደለም። ሰዓቱ በ1 ሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል። ስለሆነም አራተኛው ሳተላይት የሰዓቱን ስሕተት ለማረም ያገለግላል። ይህ ነገር ለሒሳብ ተማሪዎች ግልጽ ነው፤ አራት ያልታወቁ ነገሮች አራት እኩልታ ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ በመካከላችን የሚሰማ አንድ የተሳሳተ አባባል አለ። «ኔትወርክ ከሌለ ጂ.ፒ.ኤስ. አይሠራም» ይባላል። ይህ ልክ አይደለም። መሣሪያው ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይት አይልክም፤ ኢንተርኔትም የግድ አያስፈልገውም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ከበስተኋላ የሚታየውን ካርታ ለማውረድ ነው። ካርታውን ቀድሞ በስልኩ ላይ ያስቀመጠ ሰው ያለ ኔትወርክም ይጠቀማል። ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉት የስልክ ፕሮግራሞች በዚህ ዓይነት ይሠራሉ። ነገር ግን ያለ ኔትወርክ የተከፈተ ስልክ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ደቂቃዎች ሊወስድበት ስለሚችል፣ ሰማዩ በሚታይበት ቦታ ቆሞ መጠበቅ ያሻል።

ሰማዩ ገላጣ ሲሆን የአንድ ስልክ ስሕተት 5 ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ለሕዝብ የሚላከው ሞገድ ሆን ተብሎ ይበላሽ ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ይህ አሠራር በግንቦት ወር 2000 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ቀርቷል። ዛሬ ብዙ ስልኮች የሩሲያን፣ የአውሮፓንና የቻይናን ሳተላይቶችም ጨምረው ይጠቀማሉ።

3. ሳይምታቱ መለየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች

ሀ) ምልክት ነጥብ፦ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ለምሳሌ «የውሃ ጉድጓድ» ወይም «ትምህርት ቤቱ» ብለን የምንመዘግበው።

ለ) የታቀደ መሥመር፦ ጥቂት ነጥቦችን በቅደም ተከተል የሚያያይዝ ነው። በነጥቦቹ መካከል መሣሪያው ቀጥ ያለ መሥመር ይጥላል። በመካከሉ ገደል ይኑር ወንዝ አያውቅም።

ሐ) ዱካ፦ አንድ ሰው ሲሄድ መሣሪያው በየሴኮንዱ ወይም በየጥቂት ሜትሩ የመዘገባቸው ብዙ ነጥቦች ናቸው። የሰውዬውን መታጠፍና መዞር ይዞ ይገኛል።

ከሩቅ ሲያዩአቸው ለ እና ሐ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም በካርታ ላይ ቀለም ያለው መሥመር ናቸው። እኛም አንድ መስለውን ነው የተሳሳትነው።

4. የደረሰብን

ከክበባችን አባላት አራታችን ከኤረር በር በስተምሥራቅ ቁልቁል ወደ ኤረር ሸለቆ አቅጣጫ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለልምምድ ተመድበን ነበር። መንገዱ በእግር 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኛ በፊት እዚያ የተመደበ አንድ ወዳጃችን የሄደበትን ዱካ በስልኩ መዝግቦ ስለነበር ላከልን። ዱካው 1,200 ያህል ነጥቦች ነበሩት፤ በየ5 ሜትሩ አንድ ነጥብ ማለት ነው። እኛ ደግሞ «የስልክ ባትሪ ያልቃል» ብለን በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ አሮጌ የእጅ ጂ.ፒ.ኤስ. ተዋስን።

ዱካውን ወደ መሣሪያው ለማስገባት የሞከርነው በመሄጃችን ዋዜማ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። አሮጌው መሣሪያ ለአንድ መሥመር ከ50 ነጥብ በላይ አልቀበልም አለ። በኮምፒዩተሩ ላይ ያገኘነው ፕሮግራም «ወደ መሥመር ለውጥ» የሚል ትእዛዝ ስለነበረው ተጫንነው፤ 1,200 የነበረው 50 ሆነና ገባ። እኛም ተደስተን ተኛን። በሁለት ነጥብ መካከል ያለው ርቀት ከ5 ሜትር ወደ 120 ሜትር መድረሱን ግን ማናችንም አላሰብነውም።

በነጋታው ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሣን። ሜዳው ላይ ምንም ችግር አልነበረም። ቁልቁለቱ ሲጀምር የሰው መንገድ ወደ ግራ ታጠፈ፤ መሣሪያው ግን ቀጥ በሉ ይላል። «መሣሪያው ያውቃል» ብለን የሰውን መንገድ ትተን መሣሪያውን ተከተልን። ጎርፍ የቦረቦረው መሬት ውስጥ ገባን፤ እሾኹ ልብሳችንን ቀደደው፤ በመጨረሻም ከአንድ ገደል አፍ ላይ ቆምን። ትምህርት ቤቱ ከማዶ ይታየናል፤ መውረጃ ግን የለም።

በዚህ ጊዜ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወጡ አንዲት እናት ከላይ ሆነው አዩንና ጠሩን። ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን «አዴ፣ መንገዱ በየት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ልጆቼ፣ ይኼ የውሃ መንገድ ነው። የሰው መንገድ ከኋላችሁ ቀርቷል፤ ቁልቋሉ ጋ ይታጠፋል» አሉን። ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው እስክንመለስ ጠበቁን።

ትምህርታችን የሚጀምረው 3 ሰዓት ላይ ነበር። የደረስነው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የአራተኛ ክፍል ልጆች ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይጠብቁን ነበር። የዕለቱ ትምህርት ስለ አራቱ ዋና አቅጣጫዎች ነበር! ከልጆቹ አንዱ የተቀደደ ልብሳችንን አይቶ «መምህር፣ በየት በኩል መጣችሁ?» ሲል ምን ብለን እንመልስለት? እውነቱን ነገርናቸው። ሳቁብን። ከዚያ ያው ልጅ ጭራሮ አንሥቶ መንገዱን መሬት ላይ ሣለው፤ ቁልቋሉን፣ ትልቁን ሾላ፣ ከብት የሚጠጣበትን ውሃ፣ የመስጊዱን መታጠፊያ እያሳየ። የልጁ ካርታ አንድም ቁጥር አልነበረበትም፤ ነገር ግን ከኛ 50 ነጥቦች ይበልጥ ነበር።

5. ዱካን ከሰው ስንቀበል

ከዚያ ወዲህ የምንሠራበት ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1ኛ. ፋይሉን እንጂ ሥዕሉን አንቀበል። የስልክ ስክሪን ፎቶ ተልኮላቸው «ዱካ አለን» የሚሉ አሉ። ፎቶ ይታያል እንጂ መሣሪያው ሊከተለው አይችልም። የሚፈለገው ጂ.ፒ.ኤክስ. የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ብዙ ዓይነት መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች ይግባቡበታል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በጽሑፍ ማንበቢያ ሊከፈት ይችላል፤ ሲከፈትም የእያንዳንዱን ነጥብ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ብዙ ጊዜም ከፍታውንና የተመዘገበበትን ሰዓት ያሳያል።

2ኛ. በስልክ ከሆነ ፋይሉን ከቴሌግራም አውርደን «በሌላ ፕሮግራም ክፈት» በሚለው ወደ ካርታው ፕሮግራም እናስገባለን። የአካባቢውን ካርታም ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሆነን ቀድመን እናወርዳለን።

3ኛ. በእጅ መሣሪያ ከሆነ በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር እናገናኛለን። በብዙዎቹ የጋርሚን መሣሪያዎች ውስጥ «ጋርሚን» የሚል ፎልደር፣ በውስጡም «ጂ.ፒ.ኤክስ.» የሚል ፎልደር ይገኛል፤ ፋይሉን እዚያ እንገለብጣለን። ገመዱን ከመንቀላችን በፊት በኮምፒዩተሩ በኩል መሣሪያውን በደንብ ማለያየት አይረሳም፤ አለዚያ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

4ኛ. መሣሪያው ስንት ነጥብ እንደሚቀበል እንጠይቅ። ዱካው ከበለጠ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ዱካውን በሁለት ወይም በሦስት መክፈል ነው። ሁለተኛው ነጥቦቹን መቀነስ ሲሆን፣ ከተቀነሰ በኋላ አሮጌውንና አዲሱን መሥመር በካርታ ላይ ደርቦ ማየት ግዴታ ነው። ቀጥ ባለው ሜዳ ላይ ነጥብ ቢቀነስ ጉዳት የለውም፤ በጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ ግን እያንዳንዱ መታጠፊያ ነጥቡ ያስፈልገዋል። የኛ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር።

5ኛ. የላከውን ሰው እንጠይቀው። መቼ ሄድክ? በበጋ ነው በክረምት? በእግር ነው በሞተር ብስክሌት? በዚያው ተመለስክ ወይ? የት ላይ ጠፍተህ ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። ዱካ የሰውዬውን መሳሳት ጭምር ይመዘግባልና። እርሱ ጠፍቶ የዞረበትን ዙሪያ እኛም እንደ መንገድ ቆጥረን ስንዞር እንውላለን።

6. የቁጥር ወጥመዶች

አንዳንድ ጊዜ የሚደርሰን ፋይል ሳይሆን በወረቀት የተጻፈ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው የዲግሪና የደቂቃ ነገር ነው። ጁገል የሚገኘው በ9 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ሰሜን፣ በ42 ዲግሪ ከ08 ደቂቃ ምሥራቅ አካባቢ ነው። ይህን አንድ ሰው 9.19 ብሎ ቢጽፈው ተሳሳተ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 19 ደቂቃ ለ60 ሲካፈል 0.3167 ይሆናል፤ ትክክለኛው 9.3167 ነው። ልዩነቱ 0.1267 ዲግሪ ነው። በኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ስሕተቱ 14 ኪሎ ሜትር ይመጣል! በአንዲት ነጥብ አጻጻፍ ምክንያት ሰው ሌላ ወረዳ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው የካርታው መነሻ ነው። በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተሙት የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባል መነሻ ሲሆን፣ ስሙ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ በናይል ዳር ከነበረ ቦታ የመጣ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ደግሞ «ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84» በሚባል ሌላ መነሻ ይሠራል። ከወረቀቱ ካርታ ላይ ያነበብነውን ቁጥር መሣሪያውን ሳናስተካክል ብናስገባው ከ100 ሜትር በላይ እንስታለን። በሜዳ ላይ 100 ሜትር ቀላል ነው፤ በገደል አካባቢ ግን ከዚህኛው ማዶ ወደዚያኛው ማዶ ነው።

ሦስተኛው ለሐረር ልዩ የሆነ ነው። በሜትር የሚቆጠረው የካርታ መረብ ዓለምን በየ6 ዲግሪው በዞን ይከፍላታል። የዞን 37 እና የዞን 38 ወሰን የ42 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ ይህም መሥመር በሐረማያ አካባቢ ያልፋል። ስለዚህ ድሬዳዋ በዞን 37፣ ሐረር በዞን 38 ይገኛሉ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚመጣ ሰው ወሰኑን ሲሻገር ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው ቁጥሩ ከ830,000 አካባቢ በድንገት ወደ 170,000 አካባቢ ይወርዳል። መሣሪያው ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ነገር ግን በእንዲህ ዓይነቱ ቁጥር የሚላላክ ሰው የዞኑን ቁጥር አብሮ ካልጻፈ ተቀባዩን መቶዎች ኪሎ ሜትር ያሳስተዋል።

7. በመንገድ ላይ

ሀ) ከመነሣታችን በፊት ዱካውን በሙሉ በካርታው ላይ አስፍተን እንይ። መነሻው የኛ መነሻ ነው? መድረሻውስ? በመካከሉ ረጅምና ቀጥ ያለ መሥመር ካለ እንጠርጥር። እንዲህ ያለ ገጠር ውስጥ በእግሩ 300 ሜትር እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው የለም፤ መሣሪያው ሳተላይት አጥቶ ወይም ነጥብ ተቀንሶ ይሆናል።

ለ) ዓይናችን ስክሪኑ ላይ አይተከል። በየመታጠፊያው አንዴ ማየት ይበቃል። የቀረው ጊዜ ለመሬቱ ነው።

ሐ) ከዱካው 5 ወይም 10 ሜትር መራቅ ስሕተት አይደለም፤ የመሣሪያው የራሱ ስሕተት ያን ያህል ይሆናል። ከ30 ሜትር በላይ ከራቅንና ርቀቱ እየጨመረ ከሄደ ግን እንቁም። አቋራጭ ፍለጋ ወደፊት ከመሮጥ በእርግጠኝነት ወደምናውቀው የመጨረሻ ቦታ መመለስ ይሻላል።

መ) ስልክ ከሆነ በ«አውሮፕላን» ሁኔታ ማድረግ ባትሪ ይቆጥባል፤ በአብዛኞቹ ስልኮች ጂ.ፒ.ኤስ. አይጠፋም። ዱካ በምንመዘግብበት ጊዜ ግን «ባትሪ ቆጣቢ» የሚለውን እናጥፋ፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ምዝገባውንም ሊያቆመው ይችላልና።

ሠ) መሣሪያውና የአካባቢው ሰው ሲለያዩ የአካባቢውን ሰው እንስማ። መሣሪያው የሚያውቀው አንድ ሰው አንድ ቀን የሄደበትን ነው። እንጨት ተሸክማ በየቀኑ የምትመላለስ እናት የምታውቀው ግን የዛሬውን መንገድ ነው፤ ጎርፍ የበላውን፣ አዲስ የታጠረውን፣ እህል የተዘራበትን። ከዚህም ሌላ ፀጥታውን በሚመለከት ለቀበሌው አስታውቆ መሄድ ብልህነት ነው።

8. በጁገል የሚሠራ ልምምድ

ወደ ገጠር ከመውጣታችን በፊት እዚሁ ከተማችን ውስጥ መለማመድ እንችላለን። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን ከተማው በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። ዛሬ መኪና የሚገባበት ሐረር በር የተከፈተው ከእነርሱ በኋላ ነው።

ለሁለት ተከፍለን ከፈረስ መጋላ እንነሣ። አንደኛው ቡድን በመኪና ግርግር በኩል እስከ ጊዲር መጋላ እየሄደ ዱካውን ይመዝግብ፤ ከዚያም ፋይሉን ለሁለተኛው ቡድን ይላክ። ሁለተኛው ቡድን ማንንም ሳይጠይቅ ዱካውን ብቻ ተከትሎ ይሂድ። እኛ ሠርተነው ያየነው እንዲህ ነው፦ በገላጣው አደባባይ ላይ መሥመሩ ንጹሕ ነው። በጠባቦቹ የግንብ መተላለፊያዎች ውስጥ ግን መሥመሩ እየዘለለ የሰው ቤት ሰንጥቆ ያልፋል። ምክንያቱም ግንቦቹ ሰማዩን ይሸፍናሉ፤ ሞገዱም ከግንቡ ተንጸባርቆ ሲደርስ ረጅም መንገድ የመጣ ይመስላል። በጁገል ውስጥ በሁለት መተላለፊያዎች መካከል ያለው አንድ ቤት ብቻ ሊሆን ስለሚችል የ10 ሜትር ስሕተት ሌላ መንገድ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ከዱካው ይልቅ ምልክት ነጥብ ይረዳል፤ «አረንጓዴ በር ያለው መስጊድ፣ ወደ ቀኝ» ብሎ መጻፍ ማለት ነው።

በጁገል ስንለማመድ ጨዋነት አይለየን። ወደ ሰው ግቢ መሣሪያ ደግኖ መግባት፣ አዋች በሚባሉት የተከበሩ ሥፍራዎች ሳያስፈቅዱ መመዝገብ ነውር ነው።

9. እኛም ዱካ ስንሰጥ

የተቀበለ መስጠት አለበት። ስንሰጥ ግን አሟልተን እንስጥ። የሄድንበትን ቀንና ወር፣ የወሰደብንን ሰዓት፣ ውሃ የት እንዳለ፣ ክረምት ላይ የማይታለፈው የት እንደሆነ ጽፈን እንላክ። የተሳሳትንበትን ዙሪያ ቆርጠን እናውጣ። እንዲሁም ዱካው ከምንኖርበት ቤት ደጃፍ የሚጀምር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ነጥቦች እናጥፋ፤ በተለይ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ እኅቶቻችን የቤታቸውን በር ለማያውቁት ሰው በፋይል ማደል የለባቸውም።

ከላይ የተገለጸውን ዱካ እኛ በድጋሚ ሄደን አስተካክለነዋል። ቁልቋሉን፣ ሾላውን፣ የከብት ውሃውንና የመስጊዱን መታጠፊያ ልጁ በሣለው መሠረት በምልክት ነጥብ አስገብተናል። በሚቀጥለው ዙር ወደዚያ ትምህርት ቤት የሚመደቡ ጓደኞቻችን ፋይሉን ከክበባችን መውሰድ ይችላሉ። ሲመለሱ ግን የተለወጠ ነገር ካለ እንዲነግሩን አደራ እንላለን።

መልመጃ

1. 9 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ የሚለውን በዲግሪ ነጥብ ጻፉ። በስሕተት 9.24 ተብሎ ቢጻፍ ስንት ኪሎ ሜትር ያሳስታል?
2. 8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዱካ በ100 ነጥብ ቢወሰን በነጥቦቹ መካከል በአማካይ ስንት ሜትር ይኖራል? ይህ ለሜዳ ይበቃል? ለቁልቁለትስ?
3. ከማሠልጠኛችን በር እስከ ፈረስ መጋላ ያለውን መንገድ ያለ ቁጥር፣ በምልክት ብቻ ለአንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ አስረዱ።

ማጠቃለያ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ መሣሪያ ከመያዝ መሣሪያው የማያውቀውን ማወቅ ይቀድማል። ዱካ የሌላ ሰው እርምጃ ነው፤ ያግዛል እንጂ አያዝም። ለኛ ለመምህራን ደግሞ ነገሩ ከዚህም ያልፋል። ከቀድሞ መምህር የትምህርት ዕቅድ ተቀብለን የራሳችንን ክፍል ልጆች ሳናይ በዚያው ብንነዳ፣ ያው ገደል አፍ ላይ መቆማችን አይቀርም። ልጆቹ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁናል፤ እንዳናስጠብቃቸው ዋዜማውን እንዘጋጅ፣ መንገድ ላይም እንጠይቅ።

አስተያየትና እርማት ያላችሁ መምህራንና ጓደኞች በክበባችን ሳጥን ውስጥ ብትጨምሩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።